በፈረስ የመጣው ወንበር

ዓብዱልሀሚድ ቁርሱን ጨርሶ የወደቀ ፍርፋሪ ሊያነሳ ሲያጎነብስ ነው፣ የተቀመጠበት ወንበር የኋላ እግሮች በሽቦ መታሰራቸውን ያየው። ሽቦው ከአንዱ እግር ተነስቶ፣ በመቀመጫው ሥር አልፎ፣ በሌላኛው እግር ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ከዞረ በኋላ ተቋጥሯል፤ ጫፉም የሰው ልብስ እንዳይቀድ በፌስታል ተጠቅልሏል። የችኮላ ሥራ አይደለም። አስቦ፣ ፒንሳ ይዞ፣ ቁጭ ብሎ የሠራ ሰው እጅ ይታይበታል። ቀና አለና ሚስቱን አያት። ዋሲላ የሻይ ብርጭቆዎቹን እያነሳች ነበር።

“ይኼን ማን አሰረው?”

“እኔ ነኛ።”

“መቼ?”

“ለአረፋ፣ እናቴ ስትመጣ። እግሩ ወደ ኋላ ሲንሸራተት አየሁት። እናቴን ልግደላት?”

“ታዲያ ለእኔ አትነግሪኝም?”

“ነግሬሃለሁ። ኳስ ታይ ነበር። ‘እሺ’ ብለኸኛል።”

ይህን ሊክድ አልቻለም። ኳስ ሲያይ ለቀረበለት ነገር ሁሉ “እሺ” እንደሚል ራሱም ያውቀዋል፤ የሳሎናቸው ግድግዳ አረንጓዴ የተቀባው እንዲህ ባለ አንድ “እሺ” ነው። አሁን ግን ሁለቱም የሚያስቡት አንድ ነገር ነው፤ ዛሬ ሽማግሌዎች የዓብዱልሀሚድ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ድረስ የሚመጡት ከዚሁ ወንበር ጋር አብሮ በመጣ ወንድሙ የተነሳ ነው።

ወንድምየውን የገዛው ዘንገና የሚኖረው ገበሬ አበረ ነበር። አበረ ልጁን ሲድር ከዓብዱልሀሚድ ሱቅ ነጭ የፕላስቲክ ወንበሮች ገዛ፤ በቆሰበር ገበያ ከሌላው ሱቅ ሁሉ በመቶ ብር ይረክሳሉ ተብሎ። በሠርጉ ማግስት፣ አማቾቹ ፊት፣ ቁርጡን በአንድ እጁ ጠጁን በሌላው እንደያዘ፣ የወንበሩ የኋላ እግሮች እንደ ደከመች ላም ወደ ውጭ ተንሸራተቱ፣ አንዱም ተገነጠለና በቂጡ ዘፍ አለ። አጥንት አልተሰበረም፤ የጭራ አጥንቱ ግን ክፉኛ ተመታ። እስከ ዛሬ መቀመጥ አይችልም። ቆሞ ይበላል፣ በሆዱ ይተኛል። ከሕመሙ ይልቅ የከፋው ደግሞ አበረ በአገው ፈረሰኞች ዘንድ ስሙ የታወቀ ጋላቢ መሆኑ ነው። ፈረስ ጥሎት አያውቅም። የሠርጉ ልጃገረዶች እሱ ከመሬት ሳይነሳ ግጥም አውጥተው ነበር፤

ፈረስ ያልጣለውን የዘንገናን ጀግና፣
ወንበር ጣለው አሉ ሳይጋልብ ገና።

ግጥሙ ከባለ ሚኒባሶቹ ጋር ዳንግላ ደርሷል ይባላል።

ዓብዱልሀሚድ ሱቁን ከፍቶ ዕቃውን ወደ ውጭ ሲያወጣ ጉሙ ገና ከአስፋልቱ ላይ አልተነሳም ነበር። ጀሪካኑን፣ ሳፋውን፣ ቴርሞሱን አወጣ። ወንበሮቹን ግን መጀመሪያ ከጓዳ አላወጣም፤ ትንሽ አሰበና አንድ ድርድር አወጣ፤ ሰው ደብቋል እንዳይለው። ከዚያ ባሕር ዳር ያለው ጅምላ ሻጭ ጋ ደወለ።

“ወንበሩ ሰው ጥሎብኛል” አለው።

“ስንት ኪሎ ነው ሰውየው?”

“ወንበር ነው የሸጥኩለት እንጂ እንደ በግ አልመዘንኩትም። ዕቃው ችግር አለበት ነው የምልህ።”

“እኔም እንደዚያው ነው ከፋብሪካ የመጣልኝ። ስማ ወንድሜ፣ ወንበር አንዴ ከመጋዘኔ ከወጣ ልጄ አይደለም።”

ስልኩን ዘግቶ ገና ኪሱ ሳይከተው ከገበያው በኩል ሳቅ ሰማ። ሳቁ እየቀረበ መጣ። የገበያ ቀን ስለሆነ መንገዱ በሰውና በከብት ተሞልቷል፤ ያ ሁሉ ሰው ግን ግራና ቀኝ ተከፍሎ ለአንድ ፈረስ መንገድ ይሰጣል። ፈረሱ ዳማ ነው፤ አንገቱን ሰብሮ፣ ኮርቻው ላይ በቀይ ክር የተጌጠ ግላስ ለብሶ፣ ለበዓል እንደሚወጣ ተሸልሟል። ኮርቻው ላይ የተቀመጠው ግን ሰው አይደለም። ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ነው፤ የተገነጠለ እግሩ ወደ ጎን ተንጠልጥሎ፣ በጠፍር ታስሮ፣ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ ይጓዛል። አበረ ልጓሙን ይዞ ከፊት ከፊት በእግሩ ይሄዳል፤ እግሮቹን አራርቆ፣ በቀስታ፣ ማንንም ሳያይ። ከኋላ ሚስቱ ማናለብሽ ነጠላዋን አጣፍታ ትከተላለች።

“አበረ፣ ምነው ጌታው ተቀምጦ ሎሌው በእግሩ?” አለ አንድ ሰው።

“ሎሌው ከጌታው ተጣልቶ ነው” አለች ማናለብሽ፣ አበረ መልስ ሳይሰጥ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ነበሩ። በአበረ በኩል አያ አዝመራው መጡ፤ በሬ በማሻሻጥ ያረጁ፣ ቀጭን፣ ሰው ሲያናግሩ እንኳ ጥርሱን ለማየት የሚዳዳቸው አዛውንት ናቸው። በዓብዱልሀሚድ በኩል ሐጂ ሳዲቅ፤ በዕድሜም በውፍረትም የገበያው ታላቅ፣ ሲናገሩ ለስላሳ፣ ሲቀመጡ የሚቀመጡበትን የሚያስጮኹ። ሐጂ እንደመጡ በልማድ እጃቸውን ወደ ወንበሮቹ ድርድር ዘርግተው ነበር፤ ከዚያ ፈረሱ ላይ ያለውን አዩና እጃቸውን መልሰው ጢማቸውን ዳበሱ። ሁሉም ቆመው ጀመሩ።

“ፍርድ ቤት ብንሄድ መንገዱ አጭር ነበር” አለች ማናለብሽ። “ማመልከቻ የሚጽፈውን ልጅ ጠይቀነዋል። ሻጩም ሠሪውም ይጠየቃሉ፣ አላወቅኩም ማለት አያድንም ነው ያለን። ይኼ ሰውዬ ነው እምቢ ያለ።”

“ለምን እምቢ አልክ?” አሉ ሐጂ።

አበረ ወደ ፈረሱ ዞረ። ማናለብሽ መለሰችለት። “የተጎዳኸው ምንህን ነው ተብሎ ይጻፋል ሲሉት ነዋ። ቂጥ የሚል ቃል ከአባቴ ስም ጎን በመንግሥት ወረቀት አይሰፍርም ብሎ።”

ሽማግሌዎቹ ይህን ተገቢ ምክንያት አድርገው ተቀበሉት። ጉዳቱን አይቶ መመስከር ያስፈልግ እንደሆነ ለአፍታ ተያዩ፤ ሁለቱም በአንድነት አያስፈልግም አሉ። ከዚያ አያ አዝመራው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ዓብዱልሀሚድ ዞሩ።

“ስትሸጥለት አመሉን ነግረኸዋል?”

“የምኑን አመል?”

“የወንበሩን።”

“አያ አዝመራው፣ ወንበር እኮ ነው። ወንበር ምን አመል አለው?”

“እየው፣ አመል የሌለው ፍጥረት የለም። በሬ የሚሸጥ ሰው ይራገጣል፣ ይዋጋል፣ ቀንበር ያወርዳል ብሎ በዋስ ፊት ይናገራል። ተናግሮ ከሸጠ ቢወጋም የገዢው ነው። ሳይናገር ከሸጠ የሻጩ ነው። ቀርከሃ እንኳ ሊሰበር ሲል ይጮኻል፤ አመሉን ራሱ ይናገራል። ይኼ የአንተ ዕቃ ግን ዝም ብሎ ነው ሰው የሚጥል። ዝም ለሚል ዕቃ ሻጩ ይናገርለታል።”

“በእኛም ቤት ያው ነው” አሉ ሐጂ ሳዲቅ። “የዕቃውን ዐይብ፣ ጉድለቱን፣ እያወቁ ደብቆ መሸጥ ሐራም ነው።”

“እያወቁ” የምትለው ቃል ለዓብዱልሀሚድ እንደ ገመድ ተወረወረችለት፤ ያዛት። “እኔ አላውቅም ነበር” አለ። “ባውቅማ ለጠላቴም አልሸጥ።” ይህን ሲል የጠዋቱ ሽቦ ዓይኑ ላይ መጣበት። በዚህ ገበያ ከአባቱ ጀምሮ ቆይቷል። ሰው በልጁ እጅ ገንዘብ ልኮ፣ ዕቃውን ራሱ ይምረጥልኝ የሚለው ሱቅ የእሱ ብቻ ነው። ያ ስም ከተሰበረ በሽቦ አይታሰርም።

አያ አዝመራው ለአበረ በአዊኛ አንድ ነገር አሉት። አበረም በአዊኛ መለሰ። ዓብዱልሀሚድ የማይሰማ መስሏቸው ነው፤ እሱ ግን ገበያ ያሳደገው ሰው ነውና አንዲት ቃል አላመለጠችውም። ሽማግሌው ያሉት “ላብ አልቦታል” ነው። አበረ የመለሰው “በዚህ ብርድ” ነው።

“መልካም” አሉ አያ አዝመራው ወደ አማርኛው ተመልሰው። “የበሬ ሻጭ አላውቅም ሲል እኛ አንከራከረውም። ቤቱ ሄደን የቀረውን መንጋ እንዴት እንደያዘ እናያለን። ቀንዱን ቆርጦት እንደሆነ፣ አንገቱ ላይ የገመድ ምልክት ካለ፣ ያውቅ ነበር። ከልጆቹ ጋር ለቆት ከሆነ አያውቅም። አንተስ ቤት ይኼ ወንበር የለም?”

“አለ” አለ ዓብዱልሀሚድ።

ቤቱ ከአስፋልቱ ማዶ ዳገቱ ላይ ነው። ሱቁን ሊዘጋ ነው ብሎ ወደ ጓዳ ገባና ደወለ።

“ዋሲላ፣ ሽማግሌዎቹ ወደ ቤት እየመጡ ነው። ያንን ነገር ፍቺው።”

“የቱን?”

“የጠዋቱን።”

“ብትወድቅስ?”

“እኔ አልቀመጥበትም።”

“ታዲያ ማን ሊቀመጥበት ነው?”

“ኔትወርክ የለም” አለና ዘጋው። ኔትወርኩ ግን የዚያን ቀን ጥሩ ነበር።

ዳገቱን የወጡት እንደ ለቀስተኛ ነው። ወንበሩ በፈረሱ ላይ ሆኖ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ ይታያል። የሰፈሩ ሴቶች ከየበራቸው እየወጡ ያዩታል፤ ዓብዱልሀሚድ ሰላምታ እየሰጠ፣ አላህ ይመስገን እያለ፣ በልቡ ሽቦው የት ደረሰ ይላል። ከአጥሩ በር ላይ አበረ ፈረሱን አሰረ፤ ወንበሩን ራሱ አወረደው፣ በጥንቃቄ፣ እንደ በሽተኛ።

ሳሎኑ ጠባብ ነው። በአንድ ወገን ምንጣፍና መከዳ ተነጥፏል፤ በሌላው በኩል አጭር የቀርከሃ አግዳሚ አለ፤ በመካከል፣ ቴሌቪዥኑ ፊት፣ ነጩ ወንበር ብቻውን ቆሟል። ሽቦው የለም። ዋሲላ የማድቤቱ በር ላይ ቆማ እንግዶቹን እንኳን ደህና መጣችሁ ትላለች፤ የቀኝ እጇን ግን ጨብጣ ከነጠላዋ ሥር አላወጣችም። ዓብዱልሀሚድ የተጨበጠውን እጅ አየና እፎይ አለ። እፎይታው ግን አልዘለቀም። ሐጂ ሳዲቅ፣ የቤቱ ታላቅ እንግዳ፣ ዳገቱን ወጥተው እያለከለኩ ቀጥ ብለው ወደ ወንበሩ ነበር ያመሩት። ዞሩ። ካባቸውን ሰበሰቡ። ጉልበታቸውን ማጠፍ ጀመሩ።

“ሐጂ!” አለ ዓብዱልሀሚድ። “እርስዎ ምንጣፉ ላይ፣ መከዳው ይሻልዎታል፣ ይሞቃል።” ይህን እያለ ክንዳቸውን ይዞ አነሳቸውና ሌላ ሰው ሳይቀድመው ራሱ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

ቁጭ አለ ማለት፣ ቁጭ ያለ መሰለ። ሁለቱን እግሮቹን መሬት ላይ ተክሎ፣ ክብደቱን በሙሉ ጭኖቹ ላይ አደረገና ወንበሩን በሱሪው ጨርቅ ብቻ ነካው። ፈገግ አለ። ዋሲላ በግራ እጇ ሻይ አመጣችለት፤ ብርጭቆውን ስትሰጠው ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ።

“ይኼው ነው?” አሉ አያ አዝመራው፣ የቀርከሃው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው።

“ይኼው ነው። ሁላችንም የምንቀመጥበት።”

“አልታሰረም። አልተቆረጠም።” ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀጥሎም ነገሩን እንደ መቋጨት የአንድ በሬ ታሪክ አነሱ። በልጅነታቸው ጥሊሊ ገበያ የተሸጠ በሬ ነው። የበሬው ቀለም ምን እንደነበረ፣ የገዢው አባት ማን እንደነበረ፣ ያን ዓመት ዝናቡ እንዴት እንደዘገየ ዘረዘሩ። ዓብዱልሀሚድ “አሃ” ይላል። ጭኑ መቃጠል ጀመረ። በሬው ገና አልተሸጠም። ሐጂ ሳዲቅ ጥያቄ ጠየቁ፤ ጥያቄው በሬውን ወደ ኋላ መለሰው። የዓብዱልሀሚድ ጉልበት በራሱ ይንቀጠቀጥ ያዘ፤ ሻዩ ብርጭቆው ውስጥ ትንንሽ ማዕበል ሠራ።

አበረ መቀመጥ ስለማይችል ግድግዳውን ተደግፎ ቆሞ ነበር። ከሁሉም በላይ የሚያየው እሱ ነው። 

“አያ አዝመራው” አለ በመጨረሻ፣ በቀስታ፣ “በሬውን ያሳጥሩለት። ሰውየው አልተቀመጠም።”

“ምን?”

“እርካብ ላይ ቆሟል። ፈረሱን የማያምን ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጥ።”

ሁሉም የዓብዱልሀሚድን ጉልበት አዩ፤ ጉልበቱም እንደ መልስ ተንቀጠቀጠ።

“እስቲ ተቀመጥ፣ ልጄ” አሉ ሐጂ ሳዲቅ ለስለስ ብለው። “ደገፍ በል።”

ዓብዱልሀሚድ ዋሲላን አየ። እሷ ወለሉን ታያለች። አበረን አየ፤ አበረ አይስቅም። ያ ነው የጎዳው። ቢስቅበት ኖሮ ምናልባት ይቀመጥ ነበር።

“አልቀመጥም” አለ።

“ለምን?”

“እወድቃለኋ።”

ተነሳና ሻዩን ለሐጂ አቀበላቸው፤ ለምን ለእሳቸው እንደሰጣቸው ራሱም አላወቀም። ዋሲላ እጇን ከነጠላዋ ሥር አወጣችና ሽቦውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠችው። ፌስታሉ አሁንም ጫፉ ላይ ነው።

“ያሰርኩት እኔ ነኝ” አለች። “ለእሱም ነግሬዋለሁ። ኳስ ያይ ነበር።”

ይህ ሽምግልናውን ለጥቂት ጊዜ ከመንገድ አወጣው። ኳስ ለሚያይ ሰው የተነገረ ነገር ተነገረ ይባላል ወይስ አይባልም? ሐጂ ሳዲቅ ሰውየው በልቡ ካልሰማ እንዳልሰማ ይቆጠራል አሉ። አያ አዝመራው ግን ሚስቱን ያልሰማ ሁሉ አላወቀም ከተባለ በዚህ አገር የሚያውቅ ባል አይገኝም ብለው ተቃወሙ። ማናለብሽ ከዋሲላ ጎን ሄዳ ቆመች፤ የመጣችበትን ወገን የረሳች ትመስል ነበር።

“ኳሱን እንተወው” አለ ዓብዱልሀሚድ። “ዛሬ ጠዋት አውቄያለሁ። አውቄ ነው አላውቅም ያልኳችሁ፤ ያስፈታሁትም እኔ ነኝ። የምትሉትን በሉኝ።”

ፍርዱ የበሬ ፍርድ ሆነ። የሕክምናው ወጪ የሻጩ ነው። በጓዳ ያሉት ወንበሮች አንድም ሳይሸጥ ወደ ባሕር ዳር ይመለሳሉ፤ ጅምላ ሻጩ አልቀበልም ካለ ሐጂ ሳዲቅ ራሳቸው ሄደው አንዱ ላይ ይቀመጡለታል። የገዛ ሁሉ መጥቶ እንዲመልስ ዓብዱልሀሚድ በገበያው መሐል በራሱ አፍ የወንበሩን አመል ይናገራል። ይህ ሁሉ ሲባል ዓብዱልሀሚድ ራሱን እየነቀነቀ ተቀበለ። አንድ ነገር ግን ቀርቶ ነበር።

“በሬው ሰው ከጎዳ” አሉ አያ አዝመራው፣ “የተጎዳው እስኪድን ሻጩ በእሱ ፋንታ ያርሳል። አበረ ሆይ፣ ምን ሥራ ተጓደለብህ?”

“ሰብሉ ታጭዷል” አለች ማናለብሽ ቀድማ። “የተጓደለው ፈረሱ ነው። የፈረሰኞቹ በዓል ደርሷል፤ ዳማው ካልተጋለበ ይወፍራል፣ ያብጣል። በረቱን ረግጦ ሊጨርስብን ነው።”

“እንግዲያው በየማለዳው ይጋልብለት” አሉ ሽማግሌው።

“ማን?” አሉ አበረና ዓብዱልሀሚድ በአንድ ድምፅ። ከሁለቱ ይበልጥ የደነገጠው አበረ ነበር። ዳማውን ለወንድሙ እንኳ ሰጥቶ አያውቅም። ሊከራከር አፉን ከፈተ፤ ሽማግሌዎቹ ግን ተነስተው ጫማቸውን እያደረጉ ነበር፤ የተነሳ ሽማግሌ ደግሞ መልሶ አይቀመጥም፤ በዚያ ቤትማ በፍጹም።

ደጁ ላይ የሰፈሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ጠበቃቸው። ዓብዱልሀሚድ ፍርዱን ዛሬውኑ ሊጀምር በኮቱና በሱቅ ጫማው ከፈረሱ አጠገብ ቆመ። ፈረሱ ከቅርብ ሲያዩት ከሩቁ ይልቅ ረጅም ነው፤ እስትንፋሱ ይሞቃል። አንድ እግሩን እርካቡ ውስጥ ከተተ። ከዚያ እንደዚያው፣ በአንድ እግሩ ቆሞ፣ ወደ አበረ ዞረ።

“አመሉስ?” አለው።

አበረ ፈረሱን አየ። በዙሪያው ከቆመው ሰው መሐል በበዓሉ አብረውት የሚወጡ ጋላቢዎች አሉ፤ ጆሮአቸውን አቁመዋል። ዳማው ነውር የለበትም ብሎ ስንት ዓመት የፎከረበት ፈረስ ነው። “ዳማው...” አለና ቆመ። ማናለብሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። አያ አዝመራው ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

“የተቀመጠበት ሰው ሲፈራ ያውቃል” አለ አበረ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“አልሰማሁም” አሉ ሐጂ ሳዲቅ።

“ሲፈራ ያውቃል አልኩ” አለ ጮክ ብሎ፤ ፊቱ በርበሬ መሰለ። “ካወቀ ደግሞ ልጓም አይሰማም። ዞሮ ወደ ዘንገና ነው።”

“በእርምጃ?” አለ ዓብዱልሀሚድ።

“በግልቢያ።”

ዓብዱልሀሚድ ይህን አሰበበት። ዳገቱን አየ፤ ከታች አስፋልቱን፣ ገበያውን፣ የተዘጋውን ሱቁን አየ። ተነግሮታል፤ ከእንግዲህ የሆነው ሁሉ የራሱ ነው። አበረ ሕመሙን ረስቶ ጎንበስ ብሎ ሌላኛውን እርካብ ያዘለት፤ “ጉልበትህን ወደ ውስጥ፣ እንደ ወንበሩ አይደለም፣ ተቀመጥበት” አለው በሹክሹክታ። ዓብዱልሀሚድ ተንጠላጥሎ ወጣ። ፈረሱ ጆሮዎቹን ወደ ኋላ መለሰ፤ ማን እንደወጣበት የሚያጣራ ይመስላል።

ዋሲላ በሕዝቡ መካከል አልፋ ከፈረሱ ጎን ቆመች። ሽቦው እጇ ላይ ነው።

“ከኮርቻው ጋር ልሰርህ?” አለችው።

“እሺ” አለ ዓብዱልሀሚድ። በዚህ ጊዜ ግን ሰምቷታል።